በሞለኪውላርና ሴል ባዮሎጂ ፈተና ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

የሴል ባዮሎጂ ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው ስላላጠና አይደለም። የሚያውቀውን ግማሹን ብቻ ጽፎ ስለሚያልፍ ነው።

ክሮሞዞምና ክሮማቲድን መቀላቀል

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ቆጠራ ብቻ ነው። የሰው የሰውነት ሴል 46 ክሮሞዞም አለው። ዲኤንኤው ከተባዛ በኋላስ ስንት ይሆናል ሲባል ብዙዎች 92 ይላሉ። አይደለም፣ አሁንም 46 ነው! እያንዳንዱ ክሮሞዞም ሁለት እህትማማች ክሮማቲድ (አንድ ዓይነት ቅጂዎች) ስለያዘ 92ቱ ክሮማቲዶቹ ናቸው። ሴንትሮሜሩን፣ ማለትም ክሮማቲዶቹ የሚያያዙበትን ነጥብ፣ ቁጠሩ፤ ስንት ሴንትሮሜር ካለ ያን ያህል ክሮሞዞም አለ። በማይቶሲስ (በተራው የሴል ክፍፍል) አናፌዝ በሚባለው ደረጃ ላይ እህትማማቾቹ ሲለያዩ ግን ሴሉ ለሁለት እስኪከፈል ድረስ በእርግጥም 92 ክሮሞዞም ይኖረዋል። ሚዮሲስ አንድ (የዘር ሴሎችን የሚሠራው ክፍፍል የመጀመሪያ ዙር) ላይ ደግሞ የሚለያዩት ሆሞሎገስ ጥንዶቹ (አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የመጡት) ናቸው፣ ክሮማቲዶቹ ገና አብረው ናቸው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ ሴል 23 ክሮሞዞምና 46 ክሮማቲድ ይዞ ይወጣል። ግራ ከገባችሁ በሁለት ጥንድ ክሮሞዞም ሥዕል ሥሩና ቁጠሩ።

የሰንሰለቱን አቅጣጫ አለማየት

ጥያቄው የዲኤንኤ ፊደላት ሰጥቶ ኤምአርኤንኤውን (ከዲኤንኤው የሚቀዳውን መልእክት) ጻፉ ሲል፣ እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት የተሰጠው ቴምፕሌቱ (ኤምአርኤንኤው የሚቀዳበት ሰንሰለት) ነው ወይስ ኮዲንግ ሰንሰለቱ (የቴምፕሌቱ ተጓዳኝ) የሚለውን እዩ። ቴምፕሌቱ ከ3 ፕራይም ወደ 5 ፕራይም (የሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች መጠሪያ ናቸው) ቲኤሲ-ጂጂኤ ከሆነ፣ ኤምአርኤንኤው ከ5 ፕራይም ወደ 3 ፕራይም ኤዩጂ-ሲሲዩ ነው፤ ሲተረጎም ሜታዮኒንና ፕሮሊን ይሰጣል። ኮዲንግ ሰንሰለቱ ከተሰጣችሁ ግን ቲውን በዩ መተካት ብቻ ነው። የኮዶን (የሦስት ፊደል ቃል) ሰንጠረዡ አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው በኤምአርኤንኤው ነው፣ በቴምፕሌቱ አይደለም። ከ64ቱ ኮዶኖች ደግሞ 3ቱ ማቆሚያ ናቸው፣ አሚኖ አሲድ አይጨምሩም፤ ሰንሰለቱ ውስጥ አትቁጠሯቸው።

ኢንዛይሙ ሞተ ማለት

ኢንዛይም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን እንጂ ሕይወት ያለው ነገር አይደለም፣ ስለዚህ አይሞትም። «ሙቀቱ በዛና ሥራ አቆመ» ማለትም አይበቃም፣ ፈታኙ የሚፈልገው ምክንያቱን ነው። ሙቀቱ ፕሮቲኑን አጥፎ የያዙትን ደካማ ቦንዶች ይበጥሳል፣ አክቲቭ ሳይቱ (ሥራው የሚካሄድበት ቦታ) ቅርጹን ያጣል፣ ሰብስትሬቱ (ኢንዛይሙ የሚሠራበት ሞለኪውል) መግጠም ያቅተዋል። ሦስቱንም ጻፉ። ብርድ ላይ ግን ይህን እንዳትደግሙት! ሲቀዘቅዝ ሞለኪውሎቹ ዝግ ብለው ስለሚንቀሳቀሱ መጋጨታቸው ይቀንሳል እንጂ ቅርጹ አይበላሽም፣ ሲሞቅ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ኦስሞሲስ ላይ «ከብዙ ወደ ትንሽ» ብሎ ማለፍ

የምኑ ብዛት? የውሃው ወይስ የሟሟው? ውሃ ከፍ ካለ ዋተር ፖቴንሻል (ውሃው የመንቀሳቀስ ዝንባሌው) ወደ ዝቅተኛው፣ ከፊል አሳላፊ በሆነ ሜምብሬን (ስስ ሽፋን) በኩል ይሄዳል በሉ። ሜምብሬኑን የሚረሳ ብዙ ነው።

ዕፅዋት ሚቶኮንድሪያ የላቸውም ማለት

አላቸው። ክሎሮፕላስቱ ስኳር ይሠራል፣ በስኳሩ ውስጥ ያለውን ኃይል ወደ ኤቲፒ (ሴሉ የሚጠቀምበት የኃይል ሞለኪውል) ለመቀየር ሚቶኮንድሪያው ቀንም ሌሊትም ይሠራል። የሥር ሴል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክሎሮፕላስት እንኳ የለውም፣ ሚቶኮንድሪያ ግን አለው።