በጅማ በሥራ ላይ ያለ የንግድ መሪ ከከፍተኛ ትምህርት እንዴት ይጠቀማል?

ቡና የሚነግዱ ወይም የጅምላ መደብር የሚያስተዳድሩ ከሆነ፣ ለቅዳሜና እሑድ የንግድ አስተዳደር ትምህርት ከመመዝገብዎ በፊት በሥራዎ ላይ ደጋግሞ የሚያስቸግርዎትን አንድ ውሳኔ ለይተው በጽሑፍ ያስፍሩ። የጎልማሶች ትምህርት ሊቅ ማልኮም ኖውልስ እንዳስረዱት፣ ጎልማሳ የሚማረው ልምዱን ይዞ፣ የገጠመውን ችግር ለመፍታት ስለሆነ፣ «አመራሬን ማሻሻል» የሚል ጥቅል ዕቅድ ብዙም አያራምድም።

ኮሌጁ የግል ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው ያረጋግጡ። ከባድ ኮርሶችንም፣ ከተቻለ፣ ከቡና ለቀማው ወራት ያርቁ።

ዋናው ነገር የክፍል ሥራውን በራስዎ መዝገብ መሥራት ነው። የወጪ ሒሳብ ሲማሩ የእሸት ቡና ግዥዎን ይውሰዱ፤ 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት በግምት 6 ኪሎ እሸት ስለሚያስፈልግ፣ እሸቱ በኪሎ 1 ብር ሲጨምር የጥሬ ቡናው ወጪ 6 ብር ገደማ ከፍ ይላል፤ ጉልበት፣ ማጓጓዣና የባንክ ወለድ ገና አልተደመሩም። ስሌቱን ከሒሳብ ሠራተኛዎ ጋር ሠርተው የመግዣ ጣሪያ ይወስኑ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ጣሪያው የት እንደተጣሰና ለምን እንደተጣሰ ጠይቀው መልሱን ለክፍል ውይይት ያቅርቡ። ከመምህሩ ማብራሪያ ይልቅ፣ በሌላ ዘርፍ የሚሠራ የክፍል ጓደኛዎ የሚያነሣው ጥያቄ አንዳንዴ የበለጠ ይጠቅማል።

ሰው የማስተዳደር ብቃት ግን በፈተና ውጤት አይለካም። ክፍል በሚገቡበት ቀን ለምክትልዎ የተወሰነ የክፍያ ሥልጣን ሰጥተው ስልክዎን ይዝጉ፤ ሰኞ ጠዋት እርስዎን ሲጠብቁ ያደሩትን ጉዳዮች ይመዝግቡና የትኞቹን በቋሚነት ማስተላለፍ እንደሚችሉ ከምክትልዎ ጋር ይወስኑ።