ከእናት ጋር ሁለት ቀን በሐዋሳ፦ ላልታሰበ ነገር ቦታ የሚተው ጉዞ እንዴት ይያዛል

ከእናት ጋር የሚደረግ ሽርሽር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በፕሮግራም ብዛት ነው። ልጅ ሰባት ቦታ ጽፋ ትነሳለች፤ እናት ሦስተኛው ላይ ስትደርስ "አንቺ ሂጂ፣ እኔ እዚሁ ልረፍ" ትላለች። በቀን አንድ ነገር ብቻ ያዢ፣ ሌላውን ሰዓት ባዶ ተዪው። ደስ የሚለው ነገር የሚመጣው በባዶው ሰዓት ነው።

1. ቀን ምረጪ። ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ስለሆነ ከተማው በምእመናን ይሞላል፣ አልጋም ይወደዳል። እናትሽ የምትሄደው ለንግሡ ከሆነ አልጋ አስቀድመሽ ያዢ፤ ካልሆነ ሌላ ሳምንት ይሻላል። የጾም ቀንም አስቢ። በጾም ዓሣ የሚበሉ እናቶች አሉ፣ ወደ አፋቸው የማያስጠጉም አሉ። ይህ አሳላፊ ፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም፤ ቤት ሳላችሁ ጨርሺው።

2. መንገዱ። ከአዲስ አበባ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሞጆ፣ በባቱ (ዝዋይ) እና በሻሸመኔ በኩል። ባቱ ላይ ወርዳ አሥር ደቂቃ ትራመድ፤ ለረጅም ሰዓት ሲቀመጡ እግር ያብጣል። መድኃኒቷ በእጅ ቦርሳ ይሁን። ሻንጣ ውስጥ ከገባና ሻንጣው ከላይ ከተጫነ እስከ ሐዋሳ አታገኙትም።

3. አልጋ። ሁለት ክፍል መያዝ ክብር ይመስላል፤ ግን አንድ ክፍል ባለ ሁለት አልጋ ያዢ፣ ከተቻለ ምድር ቤት። መብራቱ ከጠፋ በኋላ በጨለማ የሚመጣው ወሬ ቀን ላይ ጠይቀሽ የማታገኚው ነው።

4. ጠዋቱን ለዓሣ ገበያው ስጪው። አሞራ ገደል ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ድረሱ። ሌሊት መረብ ላይ ያደረው ዓሣ የሚወርደው ያኔ ነው፤ ከረፈደ የሚተርፈው ፀሐይና ዝንብ ነው። መሬቱ እርጥብና በቅርፊት የተሞላ ስለሆነ የማያንሸራትት ጫማ ታድርግ፣ ነጠላዋንም ጠበቅ አድርጋ ትልበስ። ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቅርፊቱን ፍቀው፣ ሥጋውን በሁለት ቢላ ምት ከአጥንቱ ለይተው፣ አንጀቱን ወደ ኋላ ይወረውራሉ። ከኋላ አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ቁመታቸው እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፣ አንዱ ድንገት ምንቃሩን ሲያጋጭ እናትሽ መስቀሏን ይዛ ወደ ኋላ ማለቷ አይቀርም። ወፉን ይዘን ፎቶ እናንሳችሁ የሚሏችሁ ካሉ ዋጋውን ቀድመሽ ተነጋገሪ።

ዓሣው ላይ እናትሽ መከራከር ከጀመረች አታስቁሚያት። አሥር ብር ለማስቀነስ ሩብ ሰዓት ብትቆም ምን ቸገረሽ? ከሻጯ ጋር የምትዛመደው እዚያው ነው። ጥሬ ዓሣ በአዋዜ ይቀርባል፤ ጥገኛ ተውሳክ ሊኖረው ስለሚችል ለእሷ ጥብስ ወይም ሾርባ ይሁን። ሙዝና ዳቦ በፌስታል አንጠልጥላችሁ አትዙሩ፤ ጦጣዎቹ ይነጥቃሉ፣ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ደግሞ ያውቁታል።

5. ጀልባ። ነፋስ የሚነሳው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋት ይሻላል። ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በሰው? ስንት ደቂቃ? የሕይወት አድን ጃኬት አለ? ጉማሬ ለማሳየት ቀዛፊው ሊጠጋ ይችላል፣ ደስ ያሰኛችሁ መስሎት። "ከሩቅ ይበቃናል" ብለሽ ከመነሳታችሁ በፊት ንገሪው፤ ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል። እናትሽ ከፈራች አትገፋፊያት፣ ዳር ቁጭ ብላ እጅ ታውለብልብልሽ።

6. ከሰዓቱን ተዪው። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው ውኃው ላይ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ አግዳሚ ወንበር ያዙ፣ ቡና እዘዙ። ስለ ልጅነቷ ማውራት ስትጀምር ስልክሽን ወደ ፊቷ አታዙሪ። ካሜራ ሲያዩ ብዙ እናቶች ነጠላቸውን ማስተካከል ይጀምራሉ፣ ወሬውም እዚያው ይቆማል። ፎቶውን ቀደም ብለሽ አንሺ።

ታቦር ተራራ መውጣት ካማራት ጠዋት ይሁን። ጉልበት የሚያመው ሲወርዱ ነውና ግማሽ ላይ መመለስ ነውር የለውም። በባጃጅ ስትሄዱ ኮንትራት ይሁን በሰው ሳትሳፈሩ ተስማሙ።

7. መመለሻ። ለጎረቤት ዓሣ ይዛ መሄድ መፈለጓ አይቀርም። ሥጋው ብቻ ይውጣ፣ ሌሊቱን የሆቴሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲያሳድሩላችሁ ለምኚ፣ ጠዋት በጋዜጣ ጠቅልለሽ ውኃ በማያፈስ ዕቃ ውስጥ ክተቺው። አውቶቡስ ውስጥ ፀሐይ በማይመታበት በኩል፣ እግራችሁ ሥር አስቀምጪው። ጭኗ ላይ ከያዘችው ሻሸመኔ ሳትደርሱ ቀሚሷ ይረጥባል።