ልጆችን ስዕል ማስተዋል ለምታስተምሩ፣ ይቺን ጥያቄ ያዙ

ታችኛው ክፍል ለምታስተምሩም ቤት ልጅ ላላችሁም ይሆናል። ስዕል ስታሳዩ "ይሄ ምንድነው?" ብላችሁ አትለፉ፣ ፈረስ ይላል አለቀ። መጀመሪያ ትንሽ ዝም ብለው ይዩት፣ ከዛ "እዚህ ምን እየሆነ ነው?" በሏቸው፣ ሲመልሱ ደግሞ ልክ ነው ስህተት ነው ሳትሉ "ምኑን አይተህ ነው እንደዛ ያልከው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ዋናው እሱ ነው ምክንያቱም ልጁ ተመልሶ ስዕሉ ውስጥ ማስረጃ መፈለግ ይጀምራል።

ለመጀመሪያ ቀን በባህላዊው አሳሳል የተሳለ የአድዋ ጦርነት ስዕል በጣም አሪፍ ነው፣ ስልክ ላይም በቀላሉ ይገኛል። ፊቶቹን ብቻ እንዲያዩ አድርጉ። የኛዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አይናቸው ይታያል፣ ጣልያኖቹ ግን በጎን ስለሚሳሉ አንድ አይን ብቻ። ከቤተክርስቲያን ስዕል የመጣ ነው፣ እዛም ቅዱሳኑ በሁለት አይን ሰይጣንና ክፉዎቹ በአንድ አይን ነው የሚሳሉት። በናታችሁ ቀድማችሁ እንዳትነግሯቸው!! "ሰዓሊው ለማን ያደላል? በምን አወቃችሁ?" ብቻ በሏቸውና ጠብቁ፣ ራሳቸው ሲደርሱበት የሚያሳዩት ደስታ ልዩ ነው፣ ከዛ ነጭ ፈረስ ላይ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ለምን ሰማይ ላይ እንደሆነ ራሳቸው ይጠይቋችኋል።

ሲለምዱ ያው ጥያቄ ለለስላሳ ማስታወቂያም ለፌስቡክ ፎቶም ይሰራል። ፕሪንት ከሌላችሁ የመማሪያ መጽሐፉ ስዕል ይበቃል፣ ጽሁፉን ብቻ በወረቀት ሸፍኑት።