ከባሕር ዳር ሆኖ የክሩዘር ኢንተርፕራይዝን የአገልግሎት ታሪክ ማዘጋጀት

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተሳፈሩባት ክሩዘር (ፈጣን የጦር መርከብ) የሆነችው የእንግሊዟ ኢንተርፕራይዝ ናት። ባሕር ዳር ላይ ለትምህርት ቤት ዐውደ ርእይም ሆነ ለዩኒቨርሲቲ ጥናት ታሪኳን የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ማንነቷን ይለይ። በዚሁ ስም የተጠሩ የእንግሊዝ መርከቦች ብዙ ናቸው፤ ይህችኛዋ መለያዋ ዲ52 ነው። ውሃ ላይ የወረደችው በ1919 እ.ኤ.አ. ሲሆን አገልግሎት የገባችው በ1926 ነው። ሁለቱ ከተምታቱ ያላገለገለችው ስድስት ዓመት ይጨመርላታል።

ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው ቀን ሲቀየር ነው። ሰነዱ ላይ ያለውን የአውሮፓ ቀን እንዳለ ይገልብጡ፤ የእኛን አጠገቡ ይጻፉ። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ይቀንሳሉ። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን አዲሱ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ስለሚገባ፣ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ አንድ ቀን ይዛነፋል። ኢንተርፕራይዝ ከሌላዋ የእንግሊዝ ክሩዘር ከግላስጎው ጋር ሆና በቢስኬ ባሕረ ሰላጤ ሦስት የጀርመን መርከቦች የሰመጡበትን ውጊያ የተዋጋችው ዲሴምበር 28 ቀን 1943 ነው። በተለመደው ስሌት ታኅሣሥ 19 ይመጣል፤ ትክክሉ ታኅሣሥ 18 ቀን 1936 ዓ.ም. ነው። ሰዓቱም ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጠር በመዝገቡ 0600 ያለው የእኛ ንጋት 12 ሰዓት ነው።

ዋናው ማስረጃ የመርከቧ የዕለት መዝገብ ነው። የሚገኘው ለንደን፣ ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ኤ.ዲ.ኤም. 53 በሚባለው ክፍል ነው። ዝርዝሩን በነፃ በኢንተርኔት መፈለግ ይቻላል፤ የክፍሉን ምልክት፣ የመርከቧን ስምና ዓመቱን በላቲን ፊደል ያስገቡ። ቅጂ ማስላክ ያስከፍላል። ለንደን ዘመድ ያለው ግን የአንባቢ ካርድ እንዲያወጣለትና ገጾቹን በስልክ እንዲያነሣለት ቢጠይቅ ይሻላል፤ የመዝገቡን ቁጥር አስቀድመው ይላኩለት።

«ንጉሡን እንግሊዝ አደረሰች» ብለው አይጻፉ። ሜይ 4 ቀን 1936 ከጅቡቲ ተነሥታ ሜይ 8 (ሚያዝያ 30) ሐይፋ አደረሰቻቸው፤ ከሐይፋ እስከ ጅብራልታር ክሩዘሯ ኬፕታውን፣ ከዚያ እስከ ሳውዝሃምፕተን የመንገደኞች መርከቧ ኦርፎርድ ወሰደቻቸው። በኤፕሪል 1942 የሰመጡት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች የኮርንዎልና የዶርሴትሻየር ባሕርተኞች ከባሕር ሲነሡም ሌሎቹ የጦር መርከቦች ፓላዲንና ፓንተር አብረዋት ነበሩ፤ የተረፉትን 1,122 ሰዎች ለእርሷ ብቻ መቁጠር ሐቅ አይደለም።

ርዝመቷ 174 ሜትር ያህል ነው። ተማሪ ግዝፈቷ እንዲገባው በጣና ዳር መንገድ ላይ ይለኩት፦ ባለ 50 ሜትር መለኪያ ሦስት ጊዜ ሙሉ፣ ከዚያ 24 ሜትር። ሲባጎ ስለሚለጠጥ አይጠቀሙ።