«ይመስገን» ያሉትን እናት እንዴት እንጠይቅ?

የታካሚ እርካታ መጠይቅ ይዛችሁ ወሎ ለምትወርዱ ልጆች ነው። እኔ ደቡብ ወሎ ውስጥ አንድ ሆስፒታል በር ላይ ሁለት ሳምንት ቆሜ ሞልቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ያገኘኋቸው ሰዎች በሙሉ «በጣም ረክቻለሁ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ገባሁ፤ ሞኝ!

በመጀመሪያ ነጩን ጋዋን አውልቁ። ጋዋን ለለበሰ ሰው የሚሰጠው መልስ «ይመስገን፣ ምን ጎደለብን» ነው። ነገም የሚመጣው እዚያው ቤት ነው፤ ማን ደፍሮ ያማል? ካርድ ክፍል ደጃፍ ላይም አትጠይቁ። ከግቢው ውጭ፣ ባጃጅ የሚጠብቅበት ጥላ ሥር ያዙት። ሰላምታውን አታሳጥሩ፤ ልጁ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ይጠየቅ።

«ረክተዋል ወይ?» የሚለውን ወደ መጨረሻ ግፉት። አንዲት እናት «ውኃ ነው እንዴ ልጄ፣ የምረካው?» ብለውኛል። ይልቅ የሚቆጠር ነገር ጠይቁ፤ ከቤት ስንት ሰዓት ወጡ? ሐኪም ጋ ስንት ሰዓት ገቡ? ሕመሙ ምን እንደሆነ ነገሩዎት? ሲመረመሩ ሌላ ታካሚ ክፍሉ ውስጥ ነበር?

ስለ ጤና መድህን ስትጠይቁ «አለዎት?» ብላችሁ አትለፉ። ተሁለደሬ እኮ በ2003 ዓ.ም. መድህኑ በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ሰዉ የመድህን ደብተሩን ያውቀዋል። «መድህን እያለዎት ከኪስዎ ምን ወጣ?» በሉ።

እኒያ የውኃዋ እናት ከዚያው ከተሁለደሬ ነበሩ፤ ደብተራቸውን በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው። «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደግ ነው» አሉ። ሌሊት 11 ሰዓት ወጥተው ሐኪም ፊት የቀረቡት 8 ሰዓት ላይ ነው። ከታዘዙት ሦስት መድኃኒቶች ግቢው ውስጥ የተገኘው አንዱ ብቻ፤ ሁለቱን ከውጭ ፋርማሲ በ620 ብር ገዝተዋል፣ ከጎረቤት በተበደሩት።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ እማማ?» አልኳቸው።

«አብሽር፣ በጣም ረክቻለሁ በል። ያቺ ነርስ እጄን ይዛ ላብራቶሪ ድረስ ወስዳኛለች።»

መልሱን አትቀይሩባቸው። ለነርሷ የሰጡት እውነት ነው፤ 620 ብሩም እውነት ነው። «በጣም ረክቻለሁ» የሚለውን 5 ቁጥር አከበብኩና ከጎኑ ብሩን ጻፍኩ። ተቆጣጣሪዬ «ኅዳግ ላይ አይጻፍም» ብሎ ተቆጣኝ፤ ከዚያ ወዲያ በወረቀቱ ጀርባ ነው የምጽፈው።