የጎርፍ ካርታ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዛሬ ላፕቶፕ ያለው ሰው ሁሉ የጎርፍ ካርታ መሥራት ይችላል። ካርታ መሥሪያው ፕሮግራም ኪውጂአይኤስ በነፃ ነው። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ያዘጋጁት፣ የውሃን ፍሰት በኮምፒውተር ሞዴል የሚያሰላው ሄክ-ራስም በነፃ ይወርዳል። ችግሩ ኮምፒውተሩ የተሳሳተውንም ነገር በሚያምር ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ ማውጣቱ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ካርታውን በከተማው ወሰን ላይ መቁረጥ ነው። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ከበላይዋ ያሉት የደንገጎ ተራሮች ከ2,000 ሜትር ያልፋሉ። ውሃው ከዚያ ተንደርድሮ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ሞዴሉ ከተራራው ጫፍ ካልጀመረ ደቻቱን ሁልጊዜ ደረቅ አድርጎ ያሳያችኋል። አዲስ አበባም ያው ናት፤ የአቃቂን ጎርፍ ለማወቅ እንጦጦ ድረስ መውጣት ግድ ነው።

ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚሸወድበት የመሬት ከፍታ መረጃው ነው። በነፃ ከሚገኙት አንዱን፣ ኤስአርቲኤምን፣ የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. በ11 ቀን ነው የለካው። አንዷ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ትሸፍናለች። እስቲ የድሮ ሰፈራችሁን አስቡት፦ በዚያ ስፋት ውስጥ ስንት ቤት፣ ስንት ቅያስ፣ ስንት ቦይ አለ? ለኮምፒውተሩ ግን ሁሉም አንድ ቁጥር ነው። በዚያ ላይ ራዳሩ ጣሪያና ዛፍ ሲያገኝ መሬት ይመስለዋል። ከዚያ ወዲህ የተቆፈረውንና የተደለደለውን መሬት፣ የበቀለውን ኮንዶሚኒየም ጨርሶ አያውቅም። ይህ መረጃ ለተራራው ይበቃል፤ ለሰፈር ግን የድሮን ወይም የቀያሽ ልኬት ያስፈልጋል። ድሮኑም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ድልድይን ከላይ ስለሚያይ ወንዙን የዘጋ ግድብ አድርጎ ይመዘግበዋል። ድልድዩን ከከፍታው ካርታ ላይ ቆርጣችሁ ካላወጣችሁ፣ ውሃው ከኋላው ተጠራቅሞ የሌለ ሐይቅ ትፈጥራላችሁ።

በነገራችን ላይ የድሮዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የቦታ መለኪያ መነሻ ነው። ጂፒኤስ ደግሞ የሚጠቀመው ደብልዩጂኤስ 84 የሚባል ሌላ መነሻ ነው። ሁለቱን ሳትቀይሩ ብትደርቧቸው ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። ቤተ ክርስቲያኑ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ካያችሁት መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ዝናቡን በቀን ድምር ማስገባትም የተለመደ ስህተት ነው። መዝገቡ «40 ሚሊ ሜትር» ቢል፣ ቀኑን ሙሉ ያካፋ ነው ወይስ በአንድ ሰዓት የወረደ? 40 ሚሊ ሜትር በአንድ ሄክታር ላይ 400 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። አሥር ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢለካ 40 ቦቴ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ከሆነ ሣሩና አፈሩ ይጠጣዋል። በአንድ ሰዓት፣ ያውም ቆርቆሮና አስፋልት ላይ ከሆነ ግን ሁሉም ወደ ቱቦው ነው የሚሮጠው።

«የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚለውን ስያሜ በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ አድርጎ ለአለቃ ማስረዳትም አለ። በየዓመቱ አንድ በመቶ ዕድል አለው ማለት እንጂ ዘንድሮ መጥቶ ለከርሞ አይደገምም ማለት አይደለም። 30 ዓመት አንድ ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው ቢያንስ አንዴ የመምጣቱ ዕድል 26 በመቶ ነው።

የመጨረሻው የራሴ ነው። የአንድ ሰፈር የጎርፍ ካርታ ሠርቼ መንገዱ ደረቅ ሆኖ ወጣልኝ። ደስ ብሎኝ ካርታውን ይዤ ወረድኩ። ሱቅ በር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ካርታውን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ግድግዳው ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር በእጃቸው አሳዩኝና «ልጄ፣ አምና እዚህ ነበር» አሉኝ። ጉልበቴ ላይ ይደርሳል። ቱቦው እኔ ባስገባሁት ስፋት ልክ ነበር፤ ነገር ግን ፌስታልና ደለል አንቆታል። እኔ ሞዴሉ ውስጥ አዲስ የተሠራ አስመስዬ ነበር ያስገባሁት።

ቢሮ ተመልሼ ሞዴሉ ውስጥ ቱቦውን በግማሽ ዘጋሁትና እንደገና አስኬድኩት። መንገዱ ሞላ፤ መስመሩም እሳቸው ካሳዩኝ ብዙም አልራቀም። አሁን ሁሉንም ሥራ ሁለቴ ነው የማስኬደው፤ አንዴ በተጠረገ ቱቦ፣ አንዴ በተደፈነ። የካርታው መፍቻ ላይም «0.5 ሜትር» ማለቱን ትቼ «ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ» ብዬ እጽፋለሁ።