በወሎ ከተሞች ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ እንዴት መመገብ ይቻላል፦ በቤት፣ በምግብ ቤትና በሰው ቤት

በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በወልድያ የሚኖር ሰው ሥጋ መብላት ለማቆም ሲወስን ከቤተሰቡ ቀድሞ የሚሰማው «ታዲያ ምን ልትበላ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ከአሳቢነት የሚመነጭ ቢሆንም መልሱ ከጠያቂዎቹ ጓዳ የራቀ አይደለም፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑና ሱፉ በየረቡዕና በየዓርቡ፣ እንዲሁም በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት በብዙ ቤት የሚሠራ ነው። ይሁን እንጂ ጾመኛና ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የማይቀምስ ሰው አንድ አይደሉም። ጾመኛ ይፈስካል፤ ፋሲካ ሲደርስ እንቁላሉም ወተቱም ሥጋውም ወደ ማዕዱ ይመለሳል፤ በጾሙ ወራት ከሰውነቱ የጎደለ ነገር ቢኖር ያን ጊዜ ይሞላል። የማይፈስክ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው አካሄድ የጾሙን ማዕድ መነሻ አድርጎ፣ ማዕዱ የማይሸፍነውን ከየት ማሟላት እንደሚቻል ያሳያል።

መጀመሪያ፦ የማይበሉትን ለይተው ይወስኑ

ሥጋና ዓሣ ትተው ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሚበሉ ከሆነ በተለምዶ ቬጀቴሪያን የሚባለውን መንገድ መርጠዋል። ከእንስሳት የሚገኘውን ሁሉ፣ ማርንም ጨምሮ፣ የሚተዉ ከሆነ ደግሞ ቪጋን ይባላሉ። ልዩነቱን አስቀድሞ መወሰን የሚያስፈልገው «የጾም» የሚለው ቃል ሁለቱንም በትክክል ስለማይገልጽ ነው። በጾም ወቅት ማር የሚቀምስ ብዙ ነው፤ ዓሣ የሚበላም አለ፤ በተለይ ሐይቅ ከተማ ውስጥ «የጾም ምን አላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከሐይቁ የተጠመደ ዓሣ ቢቀርብለት ሊደነቅ አይገባም። የወሰኑትን ነገር በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር መለማመድ ይጠቅማል፦ «ሥጋ፣ ዓሣ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አልበላም።» ይህ አነጋገር ከየትኛውም ስያሜ ይልቅ ለሁሉም ሰው ግልጽ ነው።

ቀጥሎ፦ ጓዳውን ያደራጁ

የጓዳው ምሰሶ ጥራጥሬ ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ በቂ መጠን ገዝተው ያስቀምጡ፤ በደጋው ገብስ፣ በቆላው ማሽላ እንደልብ ስለሚገኝ እንጀራውንና ቂጣውን ከጤፍ ጋር ማፈራረቅ ይቻላል። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን የፕሮቲን ክፍል ሌላው ይሞላዋል፤ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ የመብላት የቆየ ልማዳችን ይህንኑ የሚያደርግ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። ጓያ ድርቅንም ውሃ የተኛበትን መሬትም የሚቋቋም ርካሽ እህል በመሆኑ በችግር ጊዜ የብዙ ሰው መጠጊያ ነው። ነገር ግን ለተከታታይ ሳምንታትና ወራት ዋነኛ ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ የሚያደርግ፣ መድኃኒት ያልተገኘለት ሕመም ያስከትላል፤ በወሎ በደላንታና በዳውንት አካባቢ ይህ ጉዳት በብዙ ሰዎች ላይ ደርሷል። ጥራጥሬን በየቀኑ የሚመገብ ሰው የሽሮውን እህል ራሱ ገዝቶ፣ ለቅሞና አዘጋጅቶ ቢያስፈጭ የሚበላውን ያውቃል። ከምን እንደተፈጨ የማይታወቅ ርካሽ ሽሮ ዓመቱን ሙሉ መብላትን አልመክርም።

ብዙ ሰው ቅቤን ለመተው የሚቸገረው ከስቡ ይልቅ በመዓዛው ምክንያት ነው፤ መዓዛው ደግሞ በአመዛኙ የቅመሙ ነው። ስለዚህ ቅቤ እንደሚነጠር ዘይትን በቅመም ማዘጋጀት ይቻላል። አንድ ሊትር ዘይት በድስት ውስጥ አድርገው በጣም ዝቅተኛ እሳት ላይ ይጣዱ፤ አንድ እፍኝ ደረቅ ኮሰረት፣ ጥቂት ደረቅ በሶብላ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ፣ ግማሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽና እርድ ይጨምሩ። ዘይቱ ሳይጨስ 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ከዚያ አውርደው ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው በደረቅ ጠርሙስ ያስቀምጡ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በዚህ ዘይት ውስጥ አይጨምሩ፤ እርጥብ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተሸፍኖ ከማቀዝቀዣ ውጭ ሲቆይ አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። እነርሱን ወጡ በሚሠራበት ሰዓት መጨመር ይበቃል።

ከዚህ ዘይት ጋር የሚስማማው ምስር ወጥ ነው። ለአራት ሰው አራት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈው መጀመሪያ ያለ ዘይት ያቁላሉ፤ ሽንኩርቱ ድስቱን ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እያደረጉ ቡናማ እስኪሆን ያማስሉት። ከዚያ ዘይትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምረው አሁንም ውሃ ጠብ እያደረጉ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያብስሉት፤ የበርበሬው ጥሬ ሽታ ሳይጠፋ ምስር የሚጨምር ሰው ኋላ ቅቤ የናፈቀው ይመስለዋል፣ የጎደለው ግን ጊዜ ነው። የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቀጥሎም በግማሽ የተቀቀለ ሁለት ኩባያ የምስር ክክ ይጨምሩ። ሊወርድ ሲል ከተነጠረው ዘይት አንድ ማንኪያ ጠብ ያድርጉበትና መከለሻ ነስንሰው ይክደኑት።

ወተት ለሚናፍቀው ደግሞ ሱፍ አለ። የተለቀመውን ሱፍ በትንሹ ቀቅለው ይውቀጡት ወይም ይፍጩት፤ በለብ ያለ ውሃ አሽተው ሲያጠሉት ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል። በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ከተቀመመ የሱፍ ፍትፍት ይሆናል። ጠዋት ላይ ቅንጬን በተነጠረው ዘይት፣ ገንፎን ደግሞ በዘይትና በበርበሬ መብላት ይቻላል፤ በሶ ለመንገደኛም ለቢሮ ሠራተኛም የማይከብድ ስንቅ ነው።

ሦስተኛ፦ የጾሙ ማዕድ የማይሸፍነውን ያሟሉ

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ቫይታሚን ቢ12 ነው። አዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ያህል ያስፈልገዋል፤ ይህም በሥጋ፣ በወተትና በእንቁላል ውስጥ እንጂ በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በእህል ውስጥ በሚታመን መጠን አይገኝም። እንጀራ ስለሚቦካ ቢ12 ይሰጣል የሚለው አባባል ሊታመንበት አይገባም። ጉበት ቀድሞ ያከማቸው ለጥቂት ዓመታት ሊበቃ ስለሚችል ጉድለቱ ቶሎ አይታይም፤ ሲታይ ግን በድካም፣ በደም ማነስ፣ በእጅና በእግር መደንዘዝ ይገለጻል፤ የነርቩ ጉዳት ከዘገየም ላይመለስ ይችላል። ቪጋን የሆነ ሰው ከፋርማሲ ቢ12 ገዝቶ በቋሚነት መውሰድ አለበት፤ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ሕፃናት ደግሞ ይህን አመጋገብ ያለ ሐኪም ምክር ባይጀምሩ ይሻላል።

ብረት በጤፍም በምስርም አለ፤ ነገር ግን ሰውነት ከእህል የሚገኘውን ብረት የሚወስደው በቁጠባ ነው። ሎሚ፣ ቲማቲምና ጥሬ ቃሪያ በማዕዱ ላይ ሲኖሩ የሚወሰደው መጠን ይጨምራል፤ ቡናና ሻይ ደግሞ ይቀንሱታል። በወሎ ከምሳ ቀጥሎ ቡና መፈላቱ የማይቀር ነው፤ አቦሉ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ዘግየት ቢል ግን ጨዋታው አይጎድልበትም፣ ምግቡም ይጠቅማል። ለአዮዲን፣ አዮዲን ያለው ጨው ይግዙ፤ ለካልሲየም ጎመንና ሰሊጥ ያዘውትሩ፤ ተልባንም ለቅባቱ አይርሱ።

አራተኛ፦ በምግብ ቤት እንዴት ያዝዛሉ

በጾም ቀን ነገሩ ቀላል ነው፤ የጾም በያይነቱ ይዘዙ። ከባዱ በፍስክ ቀን፣ በተለይም ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ነው፤ ያን ጊዜ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ ብዙ ወጥ ቤቶች የጾም ወጥ ጨርሶ አይሠሩም። በእነዚህ ሳምንታት ሲመገቡ ቀድመው ስልክ ደውለው ያሳውቁ፣ ወይም ወዲያው የሚሠራ ነገር ይምረጡ፦ ሽሮ በዘይት፣ ቲማቲም ፍትፍት፣ የጾም ፍርፍር፣ ድንች በጎመን።

ሲያዙ የምግቡ ስም አይበቃም። ቦዘና ሽሮ ሥጋ አለበት፤ ተጋቢኖ ብዙ ጊዜ በቅቤ ይቀርባል፤ ስፔሻል ፉል እንቁላልና እርጎ ሊኖረው ይችላል፤ የአትክልት ሩዝ የተባለውም በሥጋ መረቅ የበሰለ ሊሆን ይችላል። የአቮካዶ ጭማቂ ሲያዙ «ያለ ወተት» ማለትን አይርሱ፤ በማኪያቶ ፈንታ የለውዝ ሻይ ካለ ይጠይቁ። አንድ ጊዜ በአንድ ምግብ ቤት ሽሮው በዘይት መሠራቱን አረጋግጬ ካዘዝሁ በኋላ ቅቤ ተንሳፍፎበት መጣ፤ አስተናጋጇ «ለመዓዛ ያህል ከላይ ጠብ የተደረገች ናት» አለችኝ። አልዋሸችም፤ የጠየቅኋት በምን እንደተሠራ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ በምን ተሠራ፣ ሲቀርብስ ምን ይጨመርበታል።

በወሎ ደግሞ ሌላ ልብ የሚባል ነገር አለ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሙስሊም ከሆነ «የጾም» የሚለው ቃል ወዲያው ወደ ረመዳን ሊወስደው ይችላል፤ «ጾመኛ ነኝ» ያለ ሰውም በቀን ምግብ አይቀርብለትም። ስለዚህ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ የሌለበት ብለው በዝርዝር ይንገሩ። ሳምቡሳ ሲያዙ የምስር መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለመጠጥ ከገብስ የሚዘጋጀው ቀሪቦ ካለ ተስማሚ ነው።

አምስተኛ፦ በሰው ቤትና በድግስ

ከሁሉም ከባድ የሚመስለው ይህ ነው፤ ባለቤቲቱ «አፈር ስሆን፣ በሞቴ» እያሉ ሲያጎርሱ እምቢ ማለት ያስቸግራል። ሆኖም ወሎ የእንግዳን ወሰን ማክበር የለመደ አገር ነው። ሙስሊሙ ሲደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቱ፣ ክርስቲያኑም ለሙስሊም ጎረቤቱ ለየብቻ የማሳረድና በሌላ ድስት የማሠራት ልማድ አለው፤ አንዱ የሌላውን ሥጋ አለመብላቱ እንደ ንቀት አይቆጠርም። የእርስዎም ጥያቄ በዚሁ ልማድ ውስጥ ቦታ ያገኛል፤ ቁም ነገሩ ግን አስቀድሞ መናገር ነው። ወጡ ቀርቦ ካበቃ በኋላ «ይህን አልበላም» ማለት ደጋሹን ያሳፍራል፤ ከሦስት ቀን በፊት «እትዬ፣ እኔ ቅቤም ሥጋም አልበላም፤ ለእኔ ሽሮ በዘይት ይበቃኛል» ማለት ግን ሸክሙን ያቀልላቸዋል። ምክንያቱን በረጅሙ ማስረዳት፣ ይልቁንም ሥጋ በሚበላበት ማዕድ ላይ፣ አያስፈልግም።

ሰርግ ሲሆንና ደጋሹን ቀርበው የማያውቁት ከሆነ ቤት በልቶ መሄድ ይቀላል፤ እዚያም ሲደርሱ ዳቦውና ሰላጣው በምን እንደተሠሩ ጠይቀው ከማዕዱ ይካፈሉ። ቅርብ ዘመድ ከሆነ ግን የምስር ወጥዎን ሠርተው በድስት ይዘው ይሂዱ፤ መጠኑ ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለአሥር ሰው የሚበቃ ይሁን፣ በጎን ያለው ሁሉ መቅመሱ አይቀርምና።